ብርብራ በሙላት ውሃ

ዳንግላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንዴት ከርመሃል? ደረትህን ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? የአዲስ አበባ ክረምት ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ፣ ሹራብ ይደርብ ይሆን እያልኩ ሳስብህ ሰነበትኩ። እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ እስከ ታች አንብበህ የራስህን ፍርድ ስጥ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ኔትወርክ አንድ ቀን ቢመጣ ሳምንት ይጠፋል። በመጣበት ቀን ደግሞ አባትህ ጆሮውን ከስልኩ ጋር አጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ይመኙሽ ወደ አንተው ከተማ ስለምትመጣ በእጇ ሰደድኩልህ። አባትህ የሰላምታ ደብዳቤ የምጽፍ መስሎታል። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ለቀፎው ማሰሪያ ልጥ ይገምዳል። ፊደል አለመቁጠሩ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳዝነኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ተመስገን አልኩ።

እንጅባራ ያለችውን ቤቴን ቆልፌ ከሰኔ ጀምሮ እዚህ ነኝ። ጡረታ የወጣች መምህርት ምን ሥራ አላት፣ ወንድሟን ልትጠይቅ ነው እንዳትል። ወንዛችን ሞቶ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።

በሰኔ መጀመሪያ ያ ሲጠበቅ የነበረው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ሲነጋ ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ የሞተ ዓሣ ተሸክሞ መጣ። ቀረሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ ዓሣው፣ ሁሉም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ። ሸርጣኖቹ ከውሃው ወጥተው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ባሏ የሞተባት ምህረቴ ሁለት ጥጆች ነበሯት፤ ከዚያ ውሃ ጠጥተው መሽቶ ሳይነጋ ሞቱባት። አባትህ ሰው ልኮ አስጠራኝ። ስደርስ ከወንዙ ዳር ቆሞ ነበር። እንደመጣሁ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።

ከወንዙ መታጠፊያ በላይ፣ ድሮ ከብት የምትጠብቁበት ሜዳ፣ አሁን ሰፊ የድንች ዘር እርሻ ነው። ባለቤቱን ያየ የለም፤ ፒክአፑን ግን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። በዝናቡ ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ፀረ ተባይ ሲረጩ ዋሉ። መድኃኒት ነው የሚሉት። ሽታው እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይሰማ ነበር። ከረጪዎቹ አንዱ ደርበው ነው፤ ያ ከአንተ ጋር አንደኛ ክፍል የጀመረው። እንጀራው ነው፣ ምን ያድርግ።

እንዳልካቸው የሚባል ባለሙያ ከከተማ ተላከልን። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ትሁት ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ነገር ግን መኪና እስኪፈቀድለት ጎርፉ አልፎ ሄዷል። የቀረውን ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ተመለሰ። ከብዙ ቀን በኋላ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ መርዙ ውሃው ውስጥ ተገኝቷል ይላል። ነገር ግን የውሃ ውስጥ ሕይወትን ለመጠበቅ ከተወሰነው መጠን በታች ነው ይላል። ከመጠኑ በታች ከሆነ ደግሞ ዓሣውን የገደለው እሱ አይደለም። እንዳልካቸው እንዲህ ብሎ አስረዳን።

ያን መጠን አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ሲወለድ ደውለህልኛል።

መጠኑን የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ስትገባ ከእኔ በፊት ለማንም አልነገርክም። አባትህ በግ አርዶ ሰፈሩን ጠራ። ምን ኮሚቴ ነው ሲሉት "የወንዝ ሁሉ ዳኛ አድርገውታል" ይላቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ላይ የተናገርከውን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። መጠኑ መወሰን ያለበት በደካማው ነው ብለህ ነበር። ትልቅ ቀረሶ ገንዳ ውስጥ ከትቶ፣ አራት ቀን ጠብቆ፣ ካልሞተ ውሃው ጤነኛ ነው አይባልም፤ ጫጩቱ አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፣ እነሱን የሚፈጃቸው ለትልቁ ዓሣ ምኑም አይደለም ብለህ ተከራከርክ። ከዝናብ በኋላ አንዴ ደርሶ የሚሄደውም ይቆጠር ብለሃል። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ በደስታ።

ቀጥሎ ስትደውል ድምፅህ ሌላ ነበር። "እታለም፣ ለትል ብለን እርሻ እንዝጋ ወይ አሉኝ" ብለህ ሳቅክ። ሳቁ የእነሱ ይሁን የአንተ መለየት አቃተኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ያን ጊዜ ነበር ማስታወስ። የመጨረሻውን ቀንማ እንዴት እረሳዋለሁ። እኛ ትንሹን ቁጥር ይዘን፣ እነሱ ትልቁን ይዘው፣ ቀኑ መሸ፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ሰርቪሱም ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ መሐል ላይ ተገናኘን አልከኝ።

መሐል ላይ ተገናኘን! ቻግኒ ገበያ በግ ሲገዛ እንዲህ ይደረጋል። ሻጭ ትንሽ ይወርዳል፣ ገዥ ትንሽ ይወጣል፣ መሐል ላይ ይጨባበጣሉ፣ በጉም ያው በግ ነው። ዓሣው ግን ከእናንተ ጋር አልተጨባበጠም። እሱ መሐል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ይኖራል ወይ ይሞታል። ይህን ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እንደ መምህርነቴ አስረዳዋለሁ እንጂ እንዲህ አልቆጣም።

አሁን ደግሞ ረስተኸው ከሆነ የራስህን ታሪክ ልንገርህ። በዚህ ወንዝ በብርብራ ዓሣ በመያዝ አባትህን የሚያህለው አልነበረም። በጋ ላይ ውሃው ጎድሎ ኩሬ ኩሬ ሲሆን የብርብራውን ፍሬ ወቅጦ ከቆመው ውሃ ላይ ይበትነዋል። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልልቁን ለቅሞ ለሰፈሩ ያድላል። አንተ ሰባተኛ ክፍል የደረስክ ዓመት ክፍሉን ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ድንጋይ እያገላበጥን ከሥሩ ያሉትን አሳየኋችሁ፤ እነዚህ ካለቁ የዓሣው ጫጩት ምን ይበላል ብዬ ጠየቅኳችሁ። ሌሎቹ ውሃ ይረጫጩ ነበር። አንተ ግን ተነሥተህ ወደ ቤት ሮጥክ። አባትህን ከሙቀጫው ፊት አገኘኸውና "አባ፣ አንተ ትልልቆቹን ትወስዳለህ፤ ትንንሾቹ ግን ማንም ሳያነሳቸው እዚያው ይሞታሉ" አልከው።

ያ ግትር ሰው፣ ከንስሐ አባቱ ጋር እንኳ የሚከራከር ሰው፣ ዘነዘናውን አስቀመጠ። የወቀጠውን ጉድጓድ ምሶ ቀበረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርብራ የሚባል አልወቀጠም። ዛፉን ለንብ ብሎ ተወው፤ ንቦቹ አበባውን ይወዱታል። ሰው ለምን ተውከው ሲለው "ልጄ አስተምሮኝ" ይል ነበር። ሳያፍር፣ ደረቱን ነፍቶ።

እንግዲህ ወረቀቱ መርዙን ነጻ ካወጣ ሌላ ገዳይ መፈለግ ነበረበት። ዓሣ የሚገድል ምን አለ ሲባል ብርብራ አለ ተባለ። ሰፈሩ እርስ በርሱ ይፋጠጥ ጀመር። የምህረቴ ጥጆች ደም ይጮኻል እየተባለ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኙ የተቀመጠው በአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ወንዶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሴቶች ከአጥሩ ወዲህ ቆመናል። እንዳልካቸው ወረቀቱን በአማርኛ አነበበ፤ ሽማግሌው በአዊኛ ደገሙት። ቁጥሩ በሁለቱም አልገባንም። እንዳልካቸው መጠኑን የወሰኑት ሊቃውንት ናቸው፣ አንዱም የዚሁ አገር ልጅ ነው ብሎ ስምህን ሲጠራ ግን ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባትህም አጨበጨበ። ከሁሉም በኋላ ያቆመው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እየተነሣ በመስቀሉ ፊት ያደረግሁትም ያየሁትም የሰማሁትም የለም እያለ ማለ። ደርበውም ማለ። በዚያን ዕለት ሲረጭ የዋለው ደርበው ምንም አላየም፤ አፍንጫም የለውም መሰለኝ። አልፈርድበትም፣ ሦስት ልጆች አሉት። እንፍረድ ካልን ደግሞ በሁሉም ላይ ነው። እዚያ ከተቀመጠው ወንድ ውስጥ ብርብራ በሙላት ውሃ እንደማይሠራ የማያውቅ አልነበረም። በሰኔ ጎርፍ ኩንታል ሙሉ ብርብራ ብትበትንበት ውሃው ጠራርጎት ዓባይ ያደርሰዋል እንጂ አንድ ዓሣ አያሰክርም። እንዳልካቸው የከተማ ልጅ ነው፣ ይህን ከየት ያውቃል። እነሱ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። አንዱ ወንድሙ እርሻው ላይ ዘበኛ ነው፣ አንዱ መሬቱን ለእርሻው አከራይቷል፣ አንዱ ልጁን ሊያስቀጥር አስቧል። ሁሉም ሆድ ይፍጀው አለ።

ተራው አባትህ ጋ ሲደርስ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህ ሰው ነገር አያልፈውም፣ አሁን ይነግራቸዋል ብዬ። የቀረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብርብራ በሙላት ውሃ አይሠራም ማለት። እሱ አንዴ ከከፈተው ሌላውም ይከተለው ነበር። ታዲያ ብርብራ ካልሆነ ምንድን ነው ይባላል። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እርሻው፣ ከእርሻውም ወደ ወረቀቱ ይዞራል።

አባትህ ቆመ። ሰዎቹን አላየም፤ የሚያየው በእንዳልካቸው እጅ ያለውን ወረቀት ነበር። "ልጄ፣ ይህ መጠን ስሕተት ነው ቢባል፣ የወሰኑት ሰዎች ምን ይሆናሉ?" ብሎ ጠየቀው። እንዳልካቸው ሰውዬው ለምን እንደጠየቀ ስላልገባው በትሕትና መለሰለት፤ "እንዲያማ ከሆነ ተጠያቂ ይሆናሉ፣ አባባ፤ ከሥራቸውም ይነሣሉ" አለው።

እኔ በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ጋ ሆኜ "እኔ ልናገር" ብዬ ወደፊት ወጣሁ። አባትህ ዞር ብሎ አየኝ። እናታችን የሞተች ቀን እንደዚያ አይቶኝ ነበር። እጁን ወደ ታች አደረገ፣ ተመለሽ ለማለት። ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፣ ስንት ተማሪ በዓይኔ ያስደነገጥኩ፤ ግን ተመለስኩ።

ከዚያ "የብርብራ ዛፍ በደጄ አለ" አለና ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ "ኪዳኑ፣ ትምላለህ ወይ?" አሉት። ደግመው ጠየቁት። መስቀሉን አልነካም። አባትህ በሕይወቱ በሐሰት ምሎ አያውቅም፤ ያን ቀንም ውሸት አልተናገረም። ዛፉ በደጁ አለ፤ የተከለው ራሱ ነው። የተቀመጡት ግን መስማት የፈለጉትን ሰሙ። አንዳንዶቹ ትንፋሻቸውን ለቀው ሲያርፉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ አልነግርህም። ስጠይቀው "አርጅቻለሁ፣ ለእኔ ምን ይቀርብኛል" ይለኛል። አንተ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጥ የተማርክ ሰው ነህና ራስህ ድረስበት።

ምን እንደቀረበት ግን እነግርሃለሁ። ከእድሩ ተሰርዟል። ከወንዙ ዳር እንዳይደርስ ተፈርዶበታል። ምህረቴ በጓሮ ስታልፍ ሻሿን ወደ ፊቷ ትስባለች፤ እሷስ ምን ታድርግ፣ ጥጆቿን የገደለባት እሱ መስሏታል። ባለፈው ሰሞን ከታች ያለው ጎረቤታችን ሲሞት አባትህ ነጠላውን አደግድጎ ተነሥቶ ነበር። ከበሩ ደርሶ ትዝ አለው፤ ተመልሶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠና የለቅሶውን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ዋለ። አብሯቸው ስንቱን የቀበረ ሰው። እድር የሌለው ሰው ሬሳው እንዴት እንደሚነሣ አገርህ ነውና ታውቃለህ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ደግሞ እግሩ ያብጣል። እኔ አንዲት ሴት ብቻዬን አልሸከመውም።

ሰው አሁን ወንዙ ድኗል ይላል። የሚሞት ስለሌለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ውሃውም ጠርቷል፣ የታችኛውን አሸዋ ታያለህ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ያኔ እንዳስተማርኳችሁ ድንጋይ ገለበጥኩ። ሌላ ገለበጥኩ። ወገቤን እስኪያመኝ ገለበጥኩ። ከድንጋይ ሥር ያለው ድንጋይ ነው። ጭቃውን የሚያንቀሳቅስ ነፍስ ስለጠፋ ነው የጠራው። ከዳር ያገኘሁት አንድ ትልቅ አምባዛ ብቻ ነው፤ የእናንተን መጠን የሚችል፣ ብቻውን የቀረ።

በመስከረም አጋማሽ እድሩ ሲሰበሰብ አባትህ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። ከጠየቀ ይመልሱታል አሉ። እሱም እጠይቃለሁ ብሏል። ያላደረገውን አድርጌአለሁ፣ ይቅር በሉኝ ብሎ ከምህረቴ እግር ላይ ሊወድቅ ነው። ያን ቀን የወንዙም ነገር ይዘጋል። ገዳይ ተገኝቷል፣ ይቅርታ ጠይቋል፣ ታርቋል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ስለ እርሻው ይጠይቃል? መስከረም አልፎ የበጋ መስኖ ሲጀመር ደግሞ ይረጫሉ።

ስለዚህ ከዚያ በፊት ና። ወረቀት አትላክ፣ ወረቀት ጠግበናል። ራስህ ናና በአቦ ቅጥር ቁም። መጠኑን እኛ በድካም ነው የወሰንነው፣ ለደካማው አልሆነም፣ አባቴ ብርብራ ከወቀጠ ስንት ዘመኑ ነው በል። ደርበውም ዓይንህን ካየ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። ከሥራህ ሊያነሡህ ይችላሉ፤ አልዋሽህም። አባትህ ይህን እንደጻፍኩልህ ቢያውቅ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ አያናግረኝም። እኔ ግን ሁለታችሁንም ያሳደግሁ ያህል ነው የሚሰማኝ፤ አንዱ በአንዱ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። የማትመጣ ከሆነም አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ከእንግዲህ ስትደውል ስለ ሥራህ አታጫውተኝ።

አምላክ ልጆችህን ያሳድግልህ። ደረትህን ይማርልህ። ወንበርህ ላይ ስትቀመጥም ከድንጋይ ሥር ያለውን የሚያይ ዓይን አይንሣህ። የአባትህ ዕድሜ ላይ እስክትደርስ ያቆይህ።

ስሜን ልጽፍ ስል አባትህ ልጡን አስቀምጦ "ጨረስሽ ወይ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ከእኔም ጨምሪለት" አለ። እሱ እንዳለው ቃል ሳልለውጥ እነሆ ጻፍኩት፦

"ወንዙ ደህና ነው በይው። ዓሣውም ተመልሷል፣ ጫጩቱ እንደ ድሮው ይርመሰመሳል፣ ትናንት ወርጄ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ጤና ነኝ። መንገዱ ክፉ ነውና ዘንድሮ አይምጣ፤ ሥራውን ይጠብቅ።"

ከወንዙ ዳር ከደረሰ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

የምትወድህ አክስትህ